ፍቺው ይጻፍ

የቀበሌው ችሎት፣ ከደቻቱ ማዶ፣
ማራገቢያው ቆሞ፣ ቆርቆሮው ተማግዶ፣
መዝገብ ከፍቻለሁ። ከሳሽ ሸምሰዲን ነው፣
ፍሬን ያዥ የነበር፣ ባቡር የጎደለው።
ተከሳሽ ኢብቲሳም፣ የእህቱ ልጅ ናት፣
ቃሏን ስትሰጥ እንኳ ንዴቱ አልወጣላት፦
«አጎቴ ነው፣ ጌታው፤ በብድር ነው የወሰደው፣
የእናቴን አምባር ነው ለአወዳይ የሰደደው።
ጀዝባ አልኩት፤ ብያለሁ። አሁንም እላለሁ።
ለሱ ያልሆነ ቃል ለማን አኖራለሁ?»

ዳኛው አቶ ገረሱ ላባቸውን ጠርገው፦
«ስድብ መሆኑ ይጣራ። ጸሐፊ፣ ፍቺውን ጻፈው።
ባንድ መስመር ይሁን፤ ከምሳ በፊት ይለቅ፤
ጫት የገባ እንደሆን ማንም አይጠየቅ።»

ብዕር አነሳሁ። ጀ። ዝ። ባ።
ሦስት ፊደል ብቻ። በየትኛው በር ልግባ?

ባጃጅ ነጂ መታጠፊያውን ሲያልፈው፣ ጀዝባ።
ተማሪ ደብተሩ ላይ ለሃጩ ሲወርድ፣ ጀዝባ።
ከዚራ፣ አስፋልት መሃል ተኝታ
ጥሩንባ የማትሰማ ፍየል እንኳ ጀዝባ ናት።
ዋናው ግን ጉንጩ የተወጠረው ነው፤
ዓይኑ ተከፍቶ ቤቱ የተዘጋ፣
ስሙን ሲጠሩት ቀስ ብሎ
ከሩቅ አገር የሚመለስ።

ምርቃና እኮ ሌላ ነው።
ምርቃና ላይ ሰው ፎቅ ይሠራል፣ ዕዳ ይከፍላል፣
ሐዲዱን ጠግኖ እስከ ባሕር ይዘረጋል።
ጀዝባ ፎቁ ከፈረሰ በኋላ
ፍርስራሹ ላይ ቁጭ ያለው ነው።

ይህን ጽፌ ሰረዝኩት። ካንድ መስመር በለጠ።

ምስክር ተጠራ። ከሐረር፣ ከጀጎል የመጡ፣
አው ዘካሪያ፣ መጽሐፍ ጠራዥ፤ ጣታቸው ሙጫ ይሸታል።
«ይህ ቃል፣» አሉ፣ «እኛ ቤት ሲገባ ጫማውን ያወልቅ ነበር።
ሐሙስ ማታ፣ አዋች ደጅ፣ ከበሮው ሲበረታ፣
ዚክሩ ሲጦፍ፣ ካንዱ ላይ ይወርዳል፤ ይስበዋል ጌታ።
ይወድቃል። ውሃ አንረጭበትም።
‹ጀዝባ ነው› እንላለን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን።
እስኪመለስ ድረስ ማንም አይነካው።
ታዲያ ቃሉ እንደ ጫቱ መኪና ላይ ተጭኖ፣
የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁል ተንደርድሮ፣
እናንተ ጋ ሲደርስ ጠውልጓል።
ማን በኮባ ጠቅልሎ ላከው?»

ኢብቲሳም ከት ብላ ሳቀች። ሳቁ ግን ዓይኗ አልደረሰም።
«እና አጎቴን አላህ ስቦት ነው
የእናቴን አምባር የሸጠው?»

አው ዘካሪያ ዝም አሉ።
ጥፍራቸው ላይ የደረቀውን ሙጫ መላጥ ጀመሩ።

ያኔ ነው ሸምሰዲን አፉን የከፈተው።
«እኔን የሚስበኝ፣» አለ፣ «ከሰዓት በኋላው ነው።
ዘጠኝ ተኩል። የጅቡቲው ይገባ ነበር።
ፍሬኑን የምይዘው እኔ ነኝ። ሦስት መቶ ሰው ይተኛበታል በዚህ እጅ።
እጄ አሁንም በዚያች ሰዓት ይጨብጣል።
ቅጠል ካልያዘ፣ ምን ይያዝ?»

እጁን ዘረጋው፤ ኢብቲሳም አየችው።
ቀና አለች ወደ ጣሪያው። መልሳ አየችው።
ምን እንዳሰበች መዝገቡ አያውቅም።

ስድስት ተኩል ላይ
የአይሱዙው ጥሩንባ ከመጋላ በኩል ጮኸ።
የጥበቃው ጆሮ ዞረ። የዳኛው ጆሮ ዞረ።
የእኔ ጉንጭ፣ ከትናንት ገራባ
ሁለት ቅጠል የደበቀው፣ ምራቅ ሞላ።

«ለሰኞ ተቀጥሯል፤ ፍቺው ይጻፍ» አሉ ገረሱ፣
ካባቸውን እያወለቁ፣ ወደ በሩ እየገሰገሱ።

መዝገቡ ላይ እንዲህ ይላል፦
ጀዝባ፦
ከዚያ ወዲያ ነጭ ወረቀት ነው።

ነገ ሰኞ ነው።
ማታ፣ ብዕሩን እንደያዝኩ፣
ሚስቴ ሦስት ጊዜ ጠራችኝ አሉ።